የጡቡ ቁጥርና የመናው ልክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

  ዐቢይ ጾም ሲገባ ሁላችንም «ዘንድሮስ በደንብ እጾማለሁ» እንላለን። ሲወጣ ደግሞ ብዙዎቻችን «መቼ ገብቶ መቼ ወጣ?» እንላለን። በእነዚህ በሁለቱ ንግግሮች መካከል 55 ቀን አለ። ያ 55 ቀን የት ገባ? ማን ወሰደው?

ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ ወጣት የጠየቀኝ ጥያቄ ነው። ከቅዳሴ በኋላ በአጥር ግቢው ውስጥ ጠብቆኝ፣ «ዲያቆን፣ ክርስትና ነፃነት ነው ትሉናላችሁ። ነገር ግን ስትነሣ ይህን ጸልይ፣ እስከዚህ ሰዓት አትብላ፣ ይህን ቀን ጹም፣ ያንን ቀን አክብር ነው። ታዲያ ነፃነቱ የቱ ጋ ነው? ቀኑን ሙሉ አለቃ ሲያዘኝ ውዬ ስመጣ እንኳ በራሴ ጊዜ የፈለግሁትን ላድርግ እንጂ!» አለኝ። ልጁ ለክርክር ብሎ አልነበረም፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። እኔ ግን ቸኩዬ ስለነበር አንድ ሁለት ጥቅስ ጠቃቅሼ ሸኘሁት። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ጥያቄው አልለቀቀኝም። ለካ የራሴም ጥያቄ ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ። እኔ ያደግሁት በአብነት ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ቀኑ የእኔ አልነበረም። ዶሮ ሲጮኽ መነሣት አለ፤ ቀለም መቀጸል አለ፤ ረፋድ ላይ አኩፋዳ አንጠልጥሎ በየደጃፉ በእመቤታችን ስም መለመን አለ፤ ማታ ደግሞ የቃል ትምህርት አለ። የኔታን ማታለል አይቻልም። ያን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እመኝ ነበር፤ ማንም የማይቀሰቅሰኝ ቀን! ከዓመታት በኋላ ለዲፕሎማ ትምህርት ከተማ ገባሁና ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንዲት ክፍል ተከራየን። የሚቀሰቅሰኝ ጠፋ። ደስ አለኝ። መጀመሪያ ውዳሴ ማርያም ከጧት ወደ ማታ ተዛወረ፤ ከዚያ ደግሞ ከማታ ወደ «ነገ» ተዛወረ። ስልኬን ለአንድ አፍታ ብዬ እከፍትና እኩለ ሌሊት ያልፋል። ኳስ ያለ ቀንማ ተዉት። በስድስት ወር ውስጥ የፈለግሁትን የማደርግ ሰው ሆንኩ፤ የማደርገውን ግን አልፈልገውም ነበር።

አንድ የጾም እሑድ የመቀደስ ተራዬ ሆኖ ሳለ ተኝቼ ቀረሁ። እንደምታውቁት ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን ይፈልጋል። አባቶች አራት ሆነው፣ ሌላ ዲያቆን ፍለጋ ሰው ልከው፣ ሕዝቡ በብርድ ቆሞ ሲጠብቅ እኔ አልጋዬ ላይ ነበርኩ። ማንም አላሰረኝም። በሩም አልተቆለፈብኝም። የ10 ደቂቃ መንገድ ነው። ብቻ መነሣት አልቻልኩም። ስደርስ ቅዳሴው በሌላ ዲያቆን ተጀምሮ ነበርና ከውጭ ከዛፍ ሥር ቆሜ አስቀደስኩ። አንዲት እናት አይተውኝ «ዲያቆን፣ አሞህ ነው?» አሉኝ። አዎን አልኩ። ውሸቴን ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ያቺ «አዎን» ከመተኛቴ ይልቅ ታሳፍረኛለች።

ወደ መጽሐፍ ቅዱስ እንመለስ። ስለ ባርነትና ስለ ነፃነት ለመማር ከሕዝበ እስራኤል የተሻለ አስተማሪ የለንም፤ ሁለቱንም በአንድ ዕድሜ አይተዋልና። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 5ን ገልጣችሁ አንብቡ። ሙሴና አሮን በፈርዖን ፊት ቀርበው ሕዝቡ ወደ ምድረ በዳ ወጥቶ ለአምላኩ በዓል ያደርግ ዘንድ እንዲለቅ ጠየቁት። ፈርዖን ምን አደረገ? «ከዛሬ ጀምሮ መጸለይ ክልክል ነው» ብሎ ዐዋጅ አላስነገረም። ቀናቸውን ሞላባቸው! ለጡብ ሥራ የሚሆነው ጭድ ቀድሞ ይሰጣቸው ነበር። ከዚያ ወዲያ ጭዱን ራሳቸው እንዲለቅሙ፣ የጡቡ ቁጥር ግን ካለፈው እንዳይቀንስ አዘዘ። ሰዎቹ እግዚአብሔርን የሚያስቡት ሥራ ስለፈቱ ነው ብሎ ስላመነ ነው። ሰው ከአምላኩ የሚለየው በክልከላ ብቻ ሳይሆን በጥድፊያም እንደሆነ ፈርዖን ያውቅ ነበር። ዛሬም ይህ ስልት አልተቀየረም። ማንም ጸሎት የከለከለን የለም። ጊዜ ግን የለንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። በግብፅም የዕለት ዕቅድ ነበር! የዕለቱ ጡብ በቁጥር የታወቀ ነው፤ ጎድሎ ሲገኝ የእስራኤል ልጆች አለቆች ይገረፋሉ። ስለዚህ «ዕቅድ ያለው ሰው ነፃ ነው» የሚለው አነጋገር ብቻውን አያስኬድም። እኔም በዲፕሎማ ትምህርቴ ስለ ጊዜ አጠቃቀም ተምሬያለሁ፤ ሠንጠረዥ ማውጣት አያቅተኝም። ሠንጠረዥ ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ለማን ጡብ እንደምትሠራ አይነግርህም። ቀኑን በደቂቃ ሸንሽኖ ከጧት እስከ ማታ ገንዘብ ብቻ የሚያሳድድ ሰው በጣም ሥርዓት ያለው ባሪያ ሊሆን ይችላል።

አሁን ደግሞ ወደ ምዕራፍ 16 እለፉ። ሕዝቡ ባሕሩን ተሻግሯል፤ ፈርዖን የለም፤ አስገባሪ የለም። እግዚአብሔር «እንግዲህ እንዳሻችሁ ኑሩ» ብሎ ተዋቸው? አልተዋቸውም። መና አወረደላቸው፤ መናውንም በልክ አደረገው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጎሞር። በየማለዳው ወጥተው ይለቅማሉ፤ ፀሐይ ሲተኩስ ይቀልጣል። ለነገ ብሎ ያሳደረው ተላበት፣ ሸተተም። በስድስተኛው ቀን እጥፍ ይለቀማል፤ በሰባተኛው ቀን ግን የሚለቀም የለም፤ ዕረፍት ነው። እስቲ ሁለቱን አስተያዩ። ግብፅም ልክ አለው፣ ምድረ በዳም ልክ አለው። የግብፁ ቁጥር ከሰውየው ላይ ይወስዳል፤ የምድረ በዳው ልክ ሰውየውን ይመግባል። የግብፁ ቁጥር ሰባተኛ ቀን የለውም፤ የእግዚአብሔር ልክ ግን «በቃ፣ ዛሬ ዕረፍ» የሚል ቀን አለው። ነፃ የወጣ ሕዝብ የተሰጠው የመጀመሪያ ስጦታ የዕለት ሥርዓት ነው። አራት መቶ ዓመት በሌላ ሰው ቁጥር የኖረ ሕዝብ በድንገት ቀኑን ምን እንደሚያደርገው አያውቅምና!

እንዲያውም አላወቀም። ጥቂት ቆይተው የሥጋውን ምንቸት፣ ዓሣውን፣ ዱባውን፣ ሽንኩርቱን እያነሡ አለቀሱ (ዘጸ. 16፥3፤ ዘኁ. 11፥5)። የሚገርመው ጅራፉን አላነሡም። እግራቸው ከግብፅ ወጥቷል፤ ሆዳቸው ግን እዚያው ቀርቷል። ጾም ማለት እንግዲህ ሆድን ከግብፅ ማውጣት ነው።

አባቶቻችን የጾም ሕግ የተጀመረው በገነት ነው ብለው ያስተምሩናል። አዳም ከዛፎች ሁሉ እንዲበላ ተፈቅዶለት ከአንዲት ዛፍ እንዲከለከል ታዘዘ (ዘፍ. 2፥16-17)። ያቺ አንዲት ዛፍ ባትኖር ኖሮ አዳም የፈለገውን ሁሉ ይበላ ነበር፤ ነገር ግን ነፃ መሆኑ በምን ይታወቅ ነበር? በሬ ሣር ፊቱ ከቀረበለት ይግጣል። ሌላ ምርጫ የለውም። ሰው ግን ርቦት፣ ምግብ ቀርቦለት፣ ማንም ሳያየው፣ «ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም» ብሎ እጁን መሰብሰብ ይችላል። ይህ ትልቅ ሥልጣን ነው። ዔሳው ይህ ሥልጣን አልነበረውም። ከአደን ደክሞ ገባ፣ የምስር ወጥ ሸተተው፣ ብኩርናውን ሸጠ (ዘፍ. 25፥29-34)። አንድ ሰዓት መታገሥ ቢችል ኖሮ እናቱ ቤት ምግብ አይጠፋም ነበር። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የተፈቀደ ነገር ሁሉ እንደማይጠቅም፣ እርሱም በምንም ነገር እንደማይገዛ ተናግሯል (1ኛ ቆሮ. 6፥12)። ወጣቱ ወንድሜ ሆይ፣ «የፈለግሁትን ላድርግ» ስትል መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህ ነው፤ የሚፈልገው ማነው? አንተ ነህ ወይስ ሆድህ? አንተ ነህ ወይስ ስልክህ? ከተከፈተ በኋላ መዝጋት ካልቻልህ መክፈትህ ምርጫ አልነበረም።

ሩጫ እንወዳለን አይደል? ሐዋርያው በዚያው መልእክቱ የሩጫን ምሳሌ ጠቅሷል (1ኛ ቆሮ. 9፥24-27)። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. በሮም ኦሎምፒክ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ የዓለም ሕዝብ ያየው ያን ሌሊት ብቻ ነው። ልምምዱን ማን አየው? ማለዳ ወደ እንጦጦ ወይም ወደ ሱሉልታ የሄደ ሰው ዛሬም ልጆቹን በብርድ ሲሮጡ ያያቸዋል። እግራቸው እንደ ሚዳቋ ነፃ የሆነው እኛ ብርድ ልብስ ውስጥ ስንገላበጥ ነው።

«አንተ ስለ ሥርዓት ትሰብካለህ፤ እኔ ግን ቀኔ የእኔ አይደለም» የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ታክሲ ላይ የሚውል አለ፤ በሰው ቤት የምትሠራ እኅት አለች፤ ሌሊት ተነሥታ እንጀራ ጋግራ ለሱቅ የምታስረክብ እናት አለች። ለእነዚህ ወገኖቼ የነቢዩ ዳንኤልን ታሪክ አነሣለሁ። ዳንኤል ምርኮኛ ነው። የሚያገለግለው የባዕድ ንጉሥ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ግን ወደ ኢየሩሳሌም የተከፈተ መስኮት ነበረው። ለ30 ቀን ከንጉሡ በቀር ማንንም የሚለምን ወደ አንበሳ ጉድጓድ ይጣል የሚል ዐዋጅ ሲወጣ፣ ወደ ቤቱ ገብቶ ቀድሞ ያደርገው እንደነበረ ተንበርክኮ ጸለየ (ዳን. 6፥10)። «ቀድሞ ያደርገው እንደነበረ» የሚለው ነገር ቀላል አይምሰላችሁ። ያን ዕለት ድፍረት ፍለጋ አልሄደም። ጉልበቱ ሰዓቱን ያውቅ ነበር።

በሌላ በኩል ንጉሡን ዳርዮስን ተመልከቱ። ያ ሁሉ መንግሥት አለው፤ ዳንኤልን ይወድደዋል፤ ሊያድነው ፀሐይ እስክትገባ ድረስ ደከመ፤ አልቻለም። በራሱ እጅ የፈረመው ሕግ አሰረው። ያን ሌሊትም እንቅልፍ እንቢ አለው። በዚያች ሌሊት እስረኛው የትኛው ነበር? አንበሶች መካከል ያለው ወይስ አልጋው ላይ የሚገላበጠው?

ይህን ትምህርት በአንድ ጉባኤ ላይ ስናገር ከዐረብ ሀገር የተመለሰች እኅት ሰምታ ኖሮ በኋላ ጠጋ ብላ አጫወተችኝ። ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች። የምትነሣው ማዳም ስትላት፣ የምትተኛው ማዳም ስትፈቅድላት ነው። ማዕተቧን እንኳ በልብሷ ሸሽጋ ነበር የምትይዘው። «ጧት ጧት ለሻይ ውኃ ስጥድ እስኪፈላ ድረስ አቡነ ዘበሰማያትና ሰላም ለኪ እደግማለሁ። አንድም ቀን አላቋረጥኩም። ቀኑ ሙሉ የእነሱ ነው፤ ያቺ ውኃ እስክትፈላ ያለችው ግን የእኔ ነበረች» አለችኝ። እኔ ቁልፍ በኪሴ ይዤ፣ በሬን ማንም ሳይዘጋብኝ ያጣሁትን እሷ በማዳም ማድ ቤት አግኝታዋለች።

አንዳንድ ጊዜ ግን እኛ ራሳችን በራሳችን ላይ ፈርዖን እንሆናለን። ከዚያ ከቀረሁበት እሑድ በኋላ እልህ ያዘኝና ደብተር አውጥቼ ዕቅድ ጻፍኩ። ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ሁሉ፣ መዝሙረ ዳዊት በየዕለቱ ሙሉውን፣ 300 ስግደት፣ ስልክ ፈጽሞ፣ ወሬ ፈጽሞ። ሠንጠረዡን በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ አሳመርኩት። ሦስት ቀን ሄደልኝ። በአራተኛው ቀን ሁለት መስመር ጎደለ፤ በአምስተኛው ስድስት መስመር። በሳምንቱ ደብተሩን ማየት አስጠላኝ፤ ከደብተሩ ጋር ጸሎቱንም ተውኩት። እያፈርኩ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ፤ ደብተሩንም አሳየኋቸው። አባ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ሳቁ። «ልጄ፣ ይህን ሁሉ የምትጾመው ለእግዚአብሔር ነው ለደብተሩ?» አሉኝ። እስክሪብቶዬን ተቀብለው ሁለት መስመር ብቻ አስቀርተው ሌላውን ሁሉ ሰረዙት። የቀሩት የነግህ ጸሎትና ከመተኛት በፊት ስልክን ከሌላ ክፍል ማስቀመጥ ነበሩ። «አባ፣ ይህማ ትንሽ ነው» ብላቸው፣ «ትንሽ ከሆነማ ሳታቋርጥ አሳየኝ» አሉኝ። አላሳየኋቸውም! ሳላቋርጥ 40 ቀን ለመሙላት አራት ጊዜ መጀመር ነበረብኝ።

የቤተ ክርስቲያናችን አባቶች ይህን ያውቃሉ። አባ እንጦንስ በበረሓ ሳለ ስልቹነት ጸናበትና ምን እንደሚያደርግ እስኪቸግረው ደረሰ። አምላኩንም ለመነ። ብቅ ሲል እርሱን የመሰለ ሰው ተቀምጦ ሲታታ፣ ከዚያ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ እንደገና ተቀምጦ ሲታታ፣ እንደገና ተነሥቶ ሲጸልይ አየ። ያ ሰው የእግዚአብሔር መልአክ ነበር፤ እንዲህ ቢያደርግ እንደሚድንም ነገረው። እኛ ብንሆን ከመልአክ ትልቅ ምሥጢር እንጠብቅ ነበር። የመጣለት መልስ ግን ተቀመጥ፣ ሥራ፣ ተነሥ፣ ጸልይ ነው።

ሰባቱ የጸሎት ጊዜያትም የተሠሩት ሰውን ለማስጨነቅ አይደለም። ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ነዋም፣ መንፈቀ ሌሊት፤ እያንዳንዱ ጌታችን ለእኛ ያደረገውን ያስታውሳል። በቀትር ተሰቀለ፤ በተሰዓት ነፍሱን አሳልፎ ሰጠ፤ በሠርክ ወደ መቃብር ወረደ። ሰዓት ስታይ የምታስታውሰው የአለቃህን ቁጣ ብቻ ከሆነ ሰዓቱ የፈርዖን ነው። ስድስት ሰዓት ሲሆን መስቀሉ ትዝ ካለህ ግን ቢሮ ተቀምጠህም ቢሆን፣ ታክሲ ተሰልፈህም ቢሆን፣ ያ ሰዓት የአንተ ነው። ዐይንህን ወደ ውስጥ መልሰህ «አቤቱ ማረኝ» ለማለት ፈቃድ የሚጠየቅ አለቃ የለም።

እንግዲህ በዚህ ጾም ለምትጀምሩ ያለኝ ምክር አጭር ነው። ለምጄው ስለምናገር ሳይሆን ስለወደቅሁበት ነው። ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተማከሩ፤ ብቻችሁን ደብተር አታሳምሩ። አሁን በየቀኑ ከማይቀር ነገር ጋር እሰሩት፤ ቡናው ሳይቀዳ በፊት፣ ከታክሲ ከመሳፈር በፊት፣ ሱቁ ሳይከፈት በፊት። ውዳሴ ማርያም ራሱ ለሰባቱ ቀን ተከፍሎ የተሰጠን በአንድ ቀን ጨርሰን በማግሥቱ እንዳንታክት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው። ብትወድቁ ደግሞ ያለፈውን ቀን ጡብ በዛሬው ላይ አትደምሩ። የትናንት መና አይበላም፤ የዛሬው ማለዳ ወርዷል። «ሰኞ እጀምራለሁ» የሚባለውን ነገርም ተዉት። እኛ ሰውን ማስጠበቅ ለምደን እግዚአብሔርንም በሐበሻ ቀጠሮ እንቀጥረዋለን። ያዛችሁት ሥርዓት የተሳካላችሁ እንደሆነም ጎረቤታችሁን በእርሱ አትለኩት። በሳምንት ሁለት ቀን መጾሙን የቆጠረው ፈሪሳዊ ሥርዓት አልጎደለውም ነበር (ሉቃ. 18፥12)። ቀራጩን በመናቁ ግን ጾሙ ጡብ ሆነበት። እሑድን ደግሞ አትርሱ። ቅዳሴ አስቀድሳችሁ፣ ከቤተሰብ ጋር ተቀምጣችሁ፣ የታመመ ጠይቃችሁ የምታሳልፉት እሑድ የባከነ ቀን አይደለም።

ያንን ወጣት በዚህ ሰሞን አገኘሁት። በስልኩ ላይ የዘጠኝ ሰዓት ደወል ሞልቷል። ሲጮህ ከመሥሪያ ቤቱ ደረጃ ሥር ወርዶ ለሁለት ደቂቃ ይቆማል፤ ከዚያ የጾም ምሳውን ይበላል። «ነፃነቱን አገኘኸው?» አልኩት። «እሱን እንኳ ገና ነኝ፤ ግን ዲያቆን፣ ባልደረቦቼ ሲጋራ ሊያጨሱ የሚወርዱት እዚያው ቦታ ነው። ‹አንተስ ለምን ትወርዳለህ?› ብለው ጠየቁኝ» አለኝ። ምን ብለህ መለስህ ብለው፣ «እኔም ላርፍ ነው አልኳቸው» አለኝ። ስለ ረቡዕና ዓርብ ግን አሁንም ይከራከረኛል፤ ለሚቀጥለው እሑድ ቀጠሮ ይዘናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።